ኪሎህን ሳታሳምር ጻፍልኝ

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "ስ"ን መጥራት አቅቷታል። ትልቁ በቁመት ሊደርስብኝ ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ኮሌጅ ገብቻለሁ። በ43 ዓመቴ፣ ማታ ማታ። የያዝኩት ኮርስ ካልኩለስ ነው፤ የለውጥ ሒሳብ በለው። አትሳቅ።

የመጀመሪያውን ወር ሳለቅስ ከረምኩ። ሊሚት የሚሉት ነገር አልገባ አለኝ። በኋላ መኪናህ ትዝ አለችኝ። በ2 ሰዓት 120 ኪሎሜትር ከሄድን አማካይ ፍጥነታችን በሰዓት 60 ነው። ማካፈል ብቻ። ግን መርፌዋ "አሁን 83" ስትል ምኑን በምን እናካፍል? "አሁን" ርዝመት የለውም፤ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። ዘዴው ጊዜውን ማሳጠር ነው። አንድ ደቂቃ፣ አንድ ሰከንድ፣ የሰከንድ መቶኛ። መልሱ ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋ ይመጣል። ያ የሚጠጋው ቁጥር ነው ሊሚት የሚሉት፤ እንዲህ የተገኘው የቅጽበት ፍጥነት ደግሞ ዴሪቬቲቭ ነው። በተቃራኒው የየቅጽበቱን ፍጥነት በጊዜው እያባዛህ ብትደምር የሄድክበት መንገድ ይወጣል፤ ኢንተግራል። ምልክቱ የተለጠጠ ኤስ ነው፣ "ድምር" ከሚለው የላቲን ቃል። ላይብኒትዝ የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1675 ያመጣው ነው። ከእንግሊዛዊው ሊቅ ከኒውተን ጋር "ካልኩለስን በመፍጠር ማን ቀደመ" ተባብለው ሳይታረቁ ሞቱ። እኔና ወንድሜ በለው።

እሱን ካነሳሁ አይቀር፣ "ሒሳቡን ለእሱ ተዪለት፣ አንቺ እናትሽን አግዢ" ያልከኝን ታስታውሳለህ? እኔ የለበስከው ሹራብ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ልወቅስህ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልወቅስህ ነው። ግን ፈተና 91 ሳገኝ መጀመሪያ ልደውልልህ ያሰብኩት ላንተ ነው። አልደወልኩም።

ደግሞ መድኃኒቱ። የጠዋቱን ስትረሳ ማታ ሁለት ትውጣለህ አሉኝ። ተው! አብዛኛው መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው ባለው መጠን ልክ ነው፤ ሲበዛ በብዙው፣ ሲያንስ በጥቂቱ። በየ6 ሰዓቱ የሚጋመስ ቢሆን 100 የነበረው 50 ይሆናል፣ ከዚያ 25፣ በ18 ሰዓት 12.5። ሁለት ስትውጥ ያለፈው አይመለስም። ደምህ ውስጥ ያለው መጠን ብቻ በአንዴ ሽቅብ ይወጣል። ሲያመልጥህ ምን እንደምታደርግ ሐኪምህን ጠይቅ።

ኪሎህ 74 ነበር። በወሩ 73። ከዚያ 70። "ለዕድሜዬ 70 ምን አለው?" አልከኝ። ምንም የለውም። እኔ ያየሁት 70ውን አይደለም፤ አወራረዱን ነው። በመጀመሪያው ወር 1፣ በሁለተኛው 3። ሌሊት ደብተሬ ላይ ነጥቦቹን በመስመር አገናኘኋቸው። መስመሩን ወደፊት ላስረዝም ስል እርሳሱን አስቀመጥኩት።

እሁድ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ተመዘን። ቁጥሩን ሳታሳምር ጻፍልኝ።

ልጅህ