የጽዮን አጥር እስከ የት ነው?

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ብርድ ሲነካው ትንሽ ያስቸግረዋል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ይህን የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ አክሱም ሙስሊሞች የመስጊድ ጥያቄ የተነጋገርነው ሆዴ ውስጥ ስላደረ ነው። «መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ያን ጊዜ አክሱም ላይ መስጊድ ይሠራል» አልክና ነገሩን ዘጋኸው። አነጋገሩ አዲስ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይለዋል፤ ሲሉት ደግሞ አፍ ላይ ይጥማል። በስልክ ከአንተ ጋር መከራከር አይሆንልኝም፣ ቃሌን ከአፌ ትነጥቀኛለህ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ መጠበቅ ግድህ ነው።

መጀመሪያ እናትህ የት ጋ እንደቆመች እወቅ። ጽዮንን የምወዳት ከአንተ አንሼ አይደለም። ለኅዳር 21 ንግሥ ሄጄ እግሬ እስኪያብጥ ቆሜ አድሬያለሁ። አፄ ፋሲል ካሠሩት ከጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ግን ገብቼ አላውቅም፤ ሴት አይገባበትም። እኛ ከውጭ ተሳልመን የምናስቀድሰው አፄ ኃይለ ሥላሴ ባሠሩት በአዲሱ ነው። ታቦቷ ያለችበት ቅጽር ውስጥ ደግሞ እኔም አንተም አንገባም፣ ፓትርያርኩም ቢሆኑ አያዩዋትም፤ የሚያገለግላት አንዱ ጠባቂ መነኩሴ ብቻ ነው። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅዱስ ቦታ አጥር አለው፤ እዚህ ድረስ ትሄጃለሽ፣ ከዚህ ወዲያ አትሄጂም ሲሉኝ ወሰኑን አየዋለሁ፣ እቆማለሁ።

ከተማዋ ግን ከአጥሩ ውጭ ናት። ባንክ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ሥጋ ቤት አለ፤ ሲመሽ ድራፍት የሚቀዳበት ቤት አለ፣ ሙዚቃውም ይሰማል። ድራፍት ቤቱ ጽዮንን አረከሳት ብሎ ሰልፍ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ታዲያ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ታጥቦ ለሚሰግድበት ቤት ሲሆን ነው አጥሩ ድንገት እስከ ከተማው ዳርቻ የሚለጠጠው? አንተ ሒሳብ ትወዳለህ፣ እስቲ ይህን አስላልኝ።

ከአክሱም ሕዝብ ከመቶ አሥሩ ያህል ሙስሊም እንደሆነ ቢቢሲ በ2011 ዓ.ም. ዘግቦ ነበር፤ ያኔ ነው «ፍትሕ ለአክሱም ሙስሊሞች» የሚለው ጥያቄ በየቦታው የተነሣው። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ወልደው፣ እዚያው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ የሚሰግዱትም በየቤቱ ነው። ስለ ንጉሡና ስለ ነቢዩ ተከታዮች ስደት አልጽፍልህም፣ ሁሉም ወሬውን የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ሰልችቶኛል። ብቻ ከ1,400 ዓመት በፊት ለመጣ ስደተኛ ባደረግነው ደግነት እየኮራን ለአገሬው ልጅ ቦታ ስናጣ፣ ለእንግዳ ስንነግረው አያሳፍርም?

አሁን ወደ መካህ ልመለስ። ታኅሣሥ 2004 ላይ ጅዳ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የተያዙ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ነበሩ፤ 29ኙ ሴቶች ናቸው። ወንድና ሴት ተቀላቅላችኋል ተባሉና ታሰሩ። ጴንጤዎች ናቸው ብሎ የራቃቸው ሰው አላጋጠመኝም፤ ልጆቻችን ናቸው አልን። በቤታቸው ቢጸልዩ ማንን ጎዱ አልን። እኔ ያን ጊዜ የተናደድኩት ሳዑዲ ያደረገችው ነገር ነውር ስለሆነ ነው። ነውር ከሆነ ደግሞ ለእኔ መለኪያ ሊሆነኝ አይችልም። የሳዑዲን ሕግ እየረገምን፣ በዚያው ሕግ የአክሱምን ጎረቤታችንን እንዳኘው? ያንን ሕግ ያወጣው እሱ አይደለም። ምናልባት መካን በዓይኑ አይቶም አያውቅ። የእሱ ሕግ የእኛው ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፣ አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ይሰጣል፤ ከአክሱም በቀር የሚል አላነበብኩበትም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አይገባኝም እንዳትል። በግራኝ ዘመን ጽዮን ተቃጥላለች፤ ያ ታሪክ እንደ ትናንት ነው የሚወራው። በ2010 ክረምት ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፣ ካህናት ተገደሉ። ይህን ያየ ሰው ቢሰጋ አልፈርድበትም። ሞጣ ላይ ግን በታኅሣሥ 2012 የነደዱት መስጊዶች ናቸው፤ ያንን ያየ ሙስሊምም ይሰጋል። የባዕድ ገንዘብ ይገባበታል የሚሉም አሉ፤ እሱ የሒሳብ ጉዳይ ነው፣ ይመርመር።

ሚናሬቱ ከሐውልቶቹ አጠገብ ይቁም ማለቴም አይደለም። ይህን ቢሉ እኔም ከሚቃወሙት አንዷ ነኝ። ማኅሌት በቆመበት ሌሊት ድምፅ ማጉያና ድምፅ ማጉያ ሲፎካከሩ መስማት አልፈልግም፤ እውነቱን ለመናገር የእኛም ማጉያ መጠን ቢኖረው ደስ ይለኛል፣ ይህን ለንስሐ አባቴም ብያቸዋለሁ፣ ስቀው አለፉ። ከጽዮን ምን ያህል ይራቅ፣ ምን ያህል ይርዘም፣ ድምፁ እስከ የት ይሰማ፣ ይህ ሁሉ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጨርሰው ነገር ነው። የማይጨረሰው «ጨርሶ አይታሰብም» ሲባል ነው፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ምን ይዞ ይቀመጣል?

«አይታሰብም» ደግሞ መስጊዱ ላይ አይቆምም። በ2017 አክሱም ውስጥ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ተከልክለው ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ፈተና የደረሰባቸው። እኔ ነጠላዬን ሳልከናነብ የጽዮንን ደጅ አልረግጥም፤ ልጅቷ ፀጉሯን ስትሸፍን ምኑ ነው ለእኔ እንግዳ የሚሆንብኝ? ያን ሰሞን በጣም ነው ያዘንኩት።

አንተ ያለህበት አገርም ከዚህ አልዳነም። እንደነሱ አቆጣጠር በ2010 ኒውዮርክ ላይ፣ ከፈረሱት መንታ ፎቆች ሁለት መንገድ ብቻ ርቆ፣ መስጊድ ያለበት እስላማዊ ማዕከል ሊሠራ ሲታሰብ አገር ተናወጠ። የአካባቢው ቦርድ 29 ለ1 ደግፎት ነበር፤ ከንቲባው ብሉምበርግም ተሟገቱለት። የሟች ቤተሰቦች ውስጥ የተቃወመም የደገፈም ነበር፤ የተቃወሙትን አልነቅፍም፣ ቁስል ነው። በመጨረሻ ማዕከሉ እንደታቀደው ሳይሠራ ቀረ፣ ቦታው ላይ የሀብታም መኖሪያ ፎቅ ቆመ። ለፎቁ ግን እንዲያ ያለ ጩኸት አልተነሣም። ከዚያ በፊት ሕንፃው የልብስ መደብር ነበር፤ ለእሱም እንዲሁ። የአክሱሙን ድራፍት ቤት ያስታወሰኝ ይኸው ነው።

ሐሳብህን ቀይር ብዬ አላስገድድህም፣ ትልቅ ሰው ነህ። የመካውን መልስ ግን በእኔ ፊት አትድገመው፤ ሌላ መልስ ካለህ በጽሑፍ ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።

ለኅዳር እመጣለሁ ያልከው እውነት ከሆነ፣ ሰላም ይሁን እንጂ አክሱም አብረን እንሄዳለን። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንተ ትገባለህ፣ እኔ ውጭ እቆይሃለሁ። ስንመለስ በአዲግራት በኩል ወደ መቀሌ በመኪና እንውረድ፤ ነጋሽ መንገዳችን ላይ ነው። የአል ነጃሺን መስጊድ በጦርነቱ ተመትቶ ከተዘረፈ ወዲህ አላየሁትም፣ ምን ያህል እንደተጠገነ ማየት እፈልጋለሁ። አባትህ በዚያ ጉልበቱ ያን ሁሉ መንገድ ስለማይችል እሱን እህትህ ጋ እናስቀምጠዋለን። የንግሡ ሰሞን ማረፊያ ቶሎ ያልቃልና የምትመጣበትን ቀን ሳትዘገይ አሳውቀኝ።

እናትህ