ናይሮቢ ላለው ልጄ፣ ስለ «ና»

ደሴ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ አላስወጣ አላስገባ ብሎናል።

በስልክ ያጫወትከኝን ነገር ሳስበው ሰነበትኩ። «ቻይ ና ምካቴ» ሲሉ ሰምተህ «ሻይና ዳቦ» መሆኑን ስታውቅ፣ ስዋሂሊ ከአማርኛ የወጣ ነው ብለህ ለጓደኞችህ በቴሌግራም ልትጽፍ እንደሆነ ነገርከኝ። ከመጻፍህ በፊት ይህን አንብብልኝ። ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ቋንቋችንን እናክብር ብለን የሌለውን ዝምድና ስንቆጥርለት ያመኛል። ልጅ ሲዳር ዘር እንደሚቆጠረው ሁሉ ቃልም ሲዛመድ ሊቆጠርለት ይገባል።

እስቲ የስዋሂሊውን ና እንቁጠርለት። እሱ «እና» ብቻ ሳይሆን «ከ… ጋር» ማለትም ነው። «ኒና ጋሪ» ሲሉህ «መኪና አለኝ» ማለታቸው ነው፤ ሲፈታ ግን «እኔ ከመኪና ጋር ነኝ» ይሆናል። ከኋላው ከሚመጣው ቃል ጋር ይሄዳል፤ «ና ሚሚ» ብሎ «እኔም» ይላል። የእኛ ና ይህን አይችልም። ከፊቱ ባለው ቃል ጫፍ ላይ ይለጠፋል እንጂ ንግግር ጀምሮ አያውቅም። ደግሞ የስዋሂሊው ና ወንድሞቹ እዚያው አጠገብህ ናቸው፤ ኪኩዩ የሚናገሩት የሥራ ባልደረቦችህ «ና» ይላሉ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ዙሉም «ና» ይላል። አብረው የሚቆጥሩትም ቁጥር ይመሰክራል፤ ሦስት በስዋሂሊና በዙሉ «ታቱ»፣ በኪኩዩ «ኢዛቱ» ነው። ባንቱ የሚባለው ቤተሰብ ይህ ነው፤ አማርኛ የለበትም።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ፣ ግእዝ ለዚሁ ሥራ «ወ»ን ነው የሚያዘው፤ «ሰማይ ወምድር» ይላል። ዓረብኛም «ወ» ይላል። በአማርኛ ና ቦታውን ወሰደበት፤ ወ ግን ጨርሶ አልጠፋም። «ወዘተ» ብለህ በጻፍክ ቁጥር ትጽፈዋለህ፤ ሙሉው «ወዘተረፈ»፣ «የተረፈውም» ማለት ነው።

አንዲት ፊደል ብቻዋን ምን ያህል እንደምታሳስት ለማየት ናይሮቢ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ሰኞ ገበያ ላይ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሰው «ና ኤጊ» ቢልህ ቋንቋውን ካላወቅህ የጠራህ ይመስልሃል። እሱ «ጠብቀኝ» ነው ያለው፤ በኦሮምኛ ና «እኔን» ነውና። ሩስያውያን ዕቃ ሲያቀብሉህ «ና!» ይሉሃል፤ «እንካ» ማለታቸው ነው። ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ደግሞ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ና፣ ና» ሲሉ «አይደለም» ማለታቸው ነበር። የህንዱ ና ከፋርስኛው «ና» እና ከእንግሊዝኛው «ኖ» ጋር በእውነት የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው። ከእኛ ጋር ግን ምንም የለውም። አፍና ምላስ የሚያወጡት ድምፅ ጥቂት ነው፣ ቋንቋው ብዙ ነው፤ አጭር ቃል በየሀገሩ ቢገጣጠም አይገርምም።

ዝምድና ፍለጋ ልብህን ካሞቀው፣ እውነተኛው እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ አለልህ። አክስትህ ከሶላት በኋላ «ረበና ኣቲና» ስትል ሰምተሃል፤ «ጌታችን ሆይ፣ ስጠን»። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ማለዳ «አቡነ ዘበሰማያት» ይላሉ፤ «አባታችን ሆይ»። ትንሽ ዝቅ ብለው «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ይላሉ፤ «የዕለት ምግባችንን ዛሬ ስጠን»። የዓረብኛውን «ና» እና የግእዙን «ነ» አስተያያቸው። «ረበና» ላይም «አቡነ» ላይም «የእኛ» ማለት ናቸው፤ «ኣቲና» ላይም «ሀበነ» ላይም «ለእኛ» ማለት ናቸው። ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን የሚገቡበት ቦታና ሥራቸው ሁሉ አንድ ነው። አማርኛም በ«ስጠን» እና በ«ሄድን» ላይ ያችኑ ን ይዞ ቀርቷል፤ ዕብራይስጥም «ኑ» ብሎ አስቀምጧታል። የቃል ዝምድና ሲቆጠር እንዲህ ነው። ልጅ ሆነህ ሁለቱንም ጸሎት በአንድ ጠዋት እየሰማህ አድገሃል፤ አንድ አጥር ለይቷቸው አንድ ቃል ሲሉ እንደኖሩ ባስተዋልኩ ጊዜ ያደረብኝን ደስታ ለአንተም እመኝልሃለሁ።

ነገ ደግሞ ሌላ ነገር እንደምታነሳብኝ አውቃለሁ። ስዋሂሊ ሰባትን «ሳባ» ይላል። ይህኛው አጋጣሚ አይደለም፤ ግን ከእኛ የሄደም አይደለም። ስድስትን «ሲታ»፣ ሰባትን «ሳባ»፣ ዘጠኝን «ቲሳ» ያለው በባሕር ዳርቻ ሲነግዱ ከኖሩት ዓረቦች ወስዶ ነው፤ ስምንትን ግን በራሱ «ናኔ» ይላል። ስዋሂሊ የሚለው ስም ራሱ ከዓረብኛው «ሰዋሒል» የመጣ ነው፤ ዳርቻዎች ማለት ነው። የዓረብኛው «ሰብዓ» እና የእኛ «ሰባት» ወንድማማቾች ስለሆኑ ነው «ሳባ» የምታውቀው ፊት የመሰለህ።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝን ለመጨረሻ አስቀመጥኩልህ። «ና» ብዬ ስጠራህ የምልህ ቃል ከግእዙ «ነዓ» የወረደ ነው፤ ትግርኛም «ንዓ» ይላል። ግን «መጣ»፣ «ይመጣል» እያልን ቆይተን ትእዛዙ ላይ ስንደርስ «ምጣ» አንልም፤ ድንገት ሌላ ቃል እናነሳለን። ኦሮምኛም «ዹፌ» ብሎ «መጣ» ካለ በኋላ ሲጠራ «ኮቱ» ይላል። ዓረብኛም «ጃአ» ብሎ ሲጠራ «ተዓል» ይላል። ቃላቱ አንዳቸውም ከሌላው አይመሳሰሉም፤ ሦስቱም ግን ሰውን የሚጠሩበትን ቃል ለብቻው አስቀምጠውታል። ድምፅ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ይህን አያየውም።

እንግዲህ ለጓደኞችህ ጻፍላቸው፣ አትተወው፤ የ«ረበና» እና የ«አቡነ»ን ነገር ጻፍላቸው። እኔን ደግሞ አንድ ነገር እርዳኝ። መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ሉዎ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ካለ ከአንድ እስከ አሥር እንዲቆጥርልህ ለምነውና በኛው ፊደል ጽፈህ ላክልኝ፤ ከኦሮምኛው ጋር ጎን ለጎን ላየው እፈልጋለሁ። «መጣ» እና «ና» እንዴት እንደሚባሉም ጠይቅልኝ።

እናትህ