ጨው ያልገባበት ሽሮ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብረ ብርሃን ብርዱ በርትቷል፤ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው።

ባለፈው እሑድ «አባዬ፣ ምርመራው ሁሉ ምንም የለብሽም አለኝ፤ ራስ ምታቱ ግን አልለቀቀኝም» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። ስልክ ላይ ነገር አይሆንልኝም፣ አንቺም ወደ ሥራ ትቸኩያለሽ። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ያለፈውን ዓመት እንዳትጨነቂ ብዬ በደንብ አልነገርኩሽም። ከተዝካሩ ማግስት ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ እኔም በሬን ዘጋሁ። እድር መሄድ ተውኩ፤ መቀጫዬን ብቻ እልካለሁ። ማታ ማታ ሽሮ ሠርቼ ብቻዬን እበላለሁ፤ ሌሊቱን ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ አነጋለሁ። ደም ብዛቴ 170/100 ደረሰ። ጤና ጣቢያ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ አንድ ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ። በወሩ ሲለካ ያው ነው። መጠኑን ጨመሩልኝ፤ ጥቂት ብቻ ወረደ።

ሦስተኛ ስሄድ ያገኘኋት በአንቺ ዕድሜ ያለች ጤና መኮንን ነበረች። መለኪያውን ከክንዴ ፈታችና እስክሪብቶዋን ሳታነሳ «አባባ፣ ምግብ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ልጄ፣ በቀብሩ ቀን ያልወጣልኝ እንባ እዚያ ወንበር ላይ ወጣ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ውጭ ስንት ሰው ተሰልፎ እያለ ጠበቀችኝ። ከዚያ ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ፤ በቀን የት የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ጨው ላይ ስትደርስ ቆየች። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባበታል፤ ድስቱ ላይ ደግሞ እኛ ሌላ እንጨምራለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃዋል ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ናት። እኔ እሷን በእራት ብቻ ሳልጨርሳት አልቀርም።

ኪኒኑን አላስተወችኝም፤ እንዲያውም አንድ ቀን እንዳላሳልፍ አስጠነቀቀችኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ መሄዱን ትቼ በእግሬ ጀመርኩ፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል። ምሳ ከጎረቤት ጋር ሆነ፤ አንድ ቀን እነሱ ቤት፣ አንድ ቀን እኔ ቤት። እድር ተመለስኩ። በአራተኛው ወር 135/85 ተለካሁ። የትኛው እንዳወረደው አላውቅም፤ ኪኒኑም ጨዉም እግሬም ጎረቤቶቼም ሁሉም ድርሻ ያላቸው ይመስለኛል። «ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደህንነት ነው» የሚለውን የ1948 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን የማውቀው ክንዴን ብቻ ነበር።

አያትሽ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደነበር ነግሬሻለሁ? ኮሶ በሚጠጡበት ቀን ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ እሳቸውም ሲያቅለሸልሻቸውና ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ይውላሉ። ትሉ ይወጣል። በሳምንቱ ብርንዶው ይቆረጣል፣ ትሉም ተመልሶ ይመጣል። ኮሶው ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ እየታወቀ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጡት። ስለ ጥሬ ሥጋው የጠየቃቸው አልነበረም።

ይህን ያነሳሁት በየቀኑ ስለምትውጪው የራስ ምታት ኪኒን ስለማስብ ነው። ማስታገሻ ሲዘወተር ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ሐኪሞች ያውቁታል። በወር ስንት ቀን እንደምትወስጂ ለሐኪምሽ ቆጥረሽ ንገሪው፤ ካልተናገርሽ በደም ምርመራ አይገኝም። የሌሊት ሥራሽንም ንገሪው። አረጋውያኑን ስታገላብጪ አድረሽ፣ ሊነጋጋ ሲል ለመንቃት ቡና ጠጥተሽ፣ ፀሐይ ስትወጣ ልተኛ ብትዪ እንዴት ይሆንልሻል? ቡና ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም የሚያነቃው ካፌይን ግማሹ በሰውነት ውስጥ አለ። የመጨረሻውን ሲኒ ወደ እኩለ ሌሊት መልሺው፤ መስኮትሽ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ስቀዪ፤ ስልክሽን ከመኝታ ክፍል አውጪ። አትደውይልኝ ብዬ መጨከኔ አይደለም፤ ተኝተሽ ስትነሺ ደውዪ።

ሰው ጋ ሂጂ። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስንት የአገርሽ ልጅ እያለ መኪና ውስጥ ብቻሽን መብላትሽን አልወደድኩትም። በወር አንዴ ማኅበር ግቢ፤ ድግሱ ቢከብድሽ ዳቦ ይዘሽ ሂጂ።

አክስትሽ «ኪኒኑን ትተሽ ጸበል ብቻ» እንዳለችሽ ሰምቻለሁ። ከልቧ ስለምትወድሽ ነው፤ በዚህ ግን አልስማማም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ሐኪምሽ የሚያዝልሽን ውሰጂ፤ ጸበልሽንም ጠጪ፣ ጸልዪም። በፌስቡክ ቅጠል ቀጥቅጦ «ሁሉን ይፈውሳል» ከሚል ሰው ግን አደራሽን ምንም እንዳትገዢ።

የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ትመጣለች። ሦስት ኪሎ ሽሮና ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዛልሽ ትመጣለች፤ ስታዘጋጀው ከአጠገቧ ቆሜ ስለነበር ጨው አልገባበትም። መጀመሪያ ቅመሺው፣ ከዚያ ነው ጨው የምትጨምሪው። ስትሠሪውም አንድ ሰው ጥሪና ማንን እንደጠራሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ