ዔሊዋን ወደ መገጭ አንልቀቃት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ግንቦት ጎረቤቴ አንዲት የውኃ ዔሊ በባልዲ ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ከአራት ዓመት በፊት ከውጭ አገር የተመለሰ ዘመዱ ለልጆቹ ያመጣላቸው ስጦታ ነበረች። ያን ጊዜ ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አትበልጥም ነበር፤ ዛሬ የወጥ ሰሃን ታህላለች። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ልጆቹ ሰለቿት፤ እኛም ውኃ በፈረቃ እየጠበቅን የእርሷን ገንዳ መቀየር አቃተን። እርስዎ የእንስሳትን ነገር ሲያስተምሩ የኖሩ ነዎትና ይንገሩኝ፤ መገጭ ወንዝ ወስጄ ብለቃት ለነፍሴም አይሆነኝም?»

ጎረቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ጥያቄውንም ያቀረበው በቅንነት ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ቅንነቱ ነው፤ ምክንያቱም በብዙ አገሮች ለማዳ ይሆናሉ ተብለው የተገዙ ተሳቢ እንስሳት ወደ ወንዝና ወደ ጫካ የገቡት እንደ እርሱ ባሉ፣ መመገቡ በከበዳቸውና መግደሉ በሚጨንቃቸው ሰዎች እጅ ነው። በአንዳንድ የእስያ አገሮች ይህችኑ ዔሊ ገዝቶ በቤተ መቅደስ አጠገብ ባለ ኩሬ ውስጥ መልቀቅ እንደ ጽድቅ ሥራ ይቆጠራል። ጎረቤቴ «ለነፍሴ» ሲል ትዝ ያለኝ ይህ ነበር።

ከዓይኗ ኋላ ባለው ቀይ ሰረዝ የምትታወቀው የዚህች ዔሊ የትውልድ ቦታ በሰሜን አሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆና አካባቢው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ዔሊዎች ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል። ልጆች ሳልሞኔላ በሚባለው ባክቴሪያ እየተያዙ ስለታመሙ፣ የድንጋይ ልብሷ ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ዔሊ ለመጫወቻነት እንዳይሸጥ አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1975 ከልክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህችን ቀይ ሰረዝ ያላትን ዔሊ ወደ አገሮቹ እንዳትገባ አግዷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 100 እጅግ አደገኛ ወራሪ መጤ ዝርያዎችን በዘረዘረበት መዝገብ ውስጥም ስሟ ሰፍሯል። በአውሮፓ ኩሬዎች የአገሬውን ዔሊ ፀሐይ ከሚሞቅበት ግንድና ድንጋይ ታባርረዋለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውነቱ ሙቀት በአካባቢው ሙቀት ለሚወሰን እንስሳ ፀሐይ የሚሞቅበትን ቦታ ማጣት የበላውን መፍጨት እስከ መቸገር ያደርሰዋል።

የጎንደር ብርድ ይገድላታል፣ አያሳስብም ያለኝ ሰው አለ። ይህ ሊያዘናጋን አይገባም፤ በትውልድ አገሯ ሰሜናዊ ጫፍ ክረምቱን የምታሳልፈው በረዶ ከጋገረ ኩሬ ሥር ነውና። እንቁራሪት፣ ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት፣ ትንንሽ ዓሣና የውኃ ውስጥ ተክል ሳትመርጥ ትበላለች፤ 30 ዓመት ልትኖርም ትችላለች።

ወንዛችን መገጭ ደግሞ ማንኛውንም ነገር የምንጥልበት ቦይ አይደለም። ቀሃና አንገረብ ከከተማችን ወርደው ይገቡበታል፤ እርሱም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ክረምት ሲገባ የጣና ነጭ ዓሣዎች ጠጠር ባለበት ወራጅ ውኃ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ተነሥተው ሽቅብ ከሚወጡባቸው ወንዞች አንዱ ይኸው መገጭ ነው። ከእነዚህ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም፤ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣዎች ለይቶ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው አኑሯቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ አድርጎ፣ የመዘገበውም ይህን መሰል ሀብት ስላለው ነው። ፏፏቴው ከታች እንዳይወጣ የከለከለውን እንግዳ እኛ ከላይ በባልዲ ልናስገባው ነውን?

ነገሩ ከዔሊ አልፎ ዘንዶ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚያስከትል የፍሎሪዳ ሰዎች አይተውታል። የደቡብ ምሥራቅ እስያው የበርማ ዘንዶ ለቤት ሲገዛ አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ ሲያድግ ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ባለቤቶቹ እየፈሩት ለቀቁት፤ ከማራቢያ ቦታም ያመለጠ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረግ ውስጥ እየተራባ መሆኑ ታወቀ፤ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የታገደው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት፣ ሌሊት በመኪና እየተዞረ በተደረገ ቆጠራ፣ ራኩን የሚባለው አውሬ ቀድሞ ከሚታየው በ99 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። ዛሬ መንግሥት ለዘንዶ አዳኞች ገንዘብ ይከፍላል፤ ዘንዶው ግን አሁንም እዚያው ነው።

እኛ ግን ፍሎሪዳ ድረስ ሳንሄድ እምቦጭን እናውቃለን። እምቦጭ አበባው ስላማረ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ለጌጥ በዓለም የተሰራጨ ተክል ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መግባቱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ገበሬው እርሻውን ትቶ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት ቀን ነቅያለሁ፤ ያጸዳነውን ቦታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሄጄ ሳየው ተመልሶ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ያም ሆኖ እምቦጭ ውኃው ላይ ተንሳፎ ይታያል፤ ሲነቅሉትም አይሸሽም። ዔሊ ግን ኮቴ ስትሰማ ጭቃ ውስጥ ትገባለች፤ መብዛቷ የሚታወቀው ምንም ማድረግ ከማይቻልበት ጊዜ በኋላ ነው።

«አንዲት ዔሊ ብቻዋን ምን ታደርጋለች?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለጎረቤቴ የነገርኩት መልስ ይህ ነው፤ ከባልዲው ውስጥ ያለችው አንድ ትሁን እንጂ እንደ እርሱ የሚያስብ ሰው አንድ አይደለም፤ በአዘዞም ሆነ በአራዳ የሚለቀቀው ሁሉ የሚገናኘው እዚያው መገጭ ውስጥ ነው። ለራሷ ለዔሊዋ እንኳ ደግነት አልሆነም። በእጅ እየተመገበ ያደገ እንስሳ በማያውቀው ውኃ ውስጥ ሲጣል ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ረኃብ ነው፤ ከተረፈ ደግሞ የሚተርፈው የሌላውን ምግብ እየነጠቀ ነው።

ኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የስምምነቱ አንቀጽ 8 አባል አገሮች ጎጂ መጤ ዝርያዎች እንዳይገቡ እንዲከላከሉ፣ የገቡትንም እንዲቆጣጠሩ ይጠይቃል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። የጎደለው ሰው በባልዲ ይዞ ሲመጣ «እዚህ አስረክብ» የሚባልበት ደጃፍ ነው። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ማንነትና ቅጣት ሳይጠየቅ እንዲህ ያሉትን እንስሳት የሚቀበል አንድ ክፍልና ጥቂት ገንዳ ቢያዘጋጅ፣ ተማሪዎቹም ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ያገኙበታል። በአውሮፕላን ማረፊያዎች ያሉ የጉምሩክ ሠራተኞች በሻንጣ የሚገባውን ትንሽ እንስሳ እንደ መጫወቻ እንዳያዩት አደራ እላለሁ። የንስሐ አባቶቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ሰው እንስሳ የሚለቀው ለነፍሱ ብሎ ከሆነ፣ መልቀቁ ፍጥረትን እንደሚጎዳ ከእኔ ይልቅ ከእነርሱ ቢሰማው ይቀበለዋል።

ጎረቤቴ ዔሊዋን አልለቀቃትም፤ ትቶልኝ ሄደ። አሁን በግቢዬ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ናት፤ ልጆቹም እሑድ እሑድ እየመጡ ጎመን ያበሏታል። እኔ 67 ዓመት ሆኖኛል፤ እርሷ ገና አራተኛ ዓመቷ ነው። አቅሜ እስከፈቀደ እጠብቃታለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚረከባት ደጃፍ ግን ዛሬውኑ ቢከፈት እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሥነ ሕይወት መምህር
ከጎንደር