ችግኙን ብቻ ሳይሆን የተከለለውን ተራራም ዘግቡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት በመጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይነግረናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል እኔም ደስ ብሎኛል። መትከልን አልቃወምም። ቅር የሚለኝ ማንም ሳይተክለው በራሱ እያገገመ ስላለው ተራራ ስትጽፉ አለማየቴ ነው።

በትግራይም በወሎም ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከብቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ሣር ነው። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፣ ጎርፉን ያበርዳል። ከዚያ ቁጥቋጦው ይከተላል፦ ክትክታ፣ ደደሆ፣ አጋም፣ ቀጋ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥቋጦ ይንቀዋል፤ መንጥሮ ችግኝ ሊተክልበት የሚነሳም አለ። እባካችሁ ተዉት! የወይራ ቡቃያ ገላጣ ቦታ ላይ ከበቀለ የበጋው ፀሐይ ይጨርሰዋል፤ ቁጥቋጦ ሥር ከሆነ ግን ጥላ አለው፣ የረገፈው ቅጠል እርጥበት ይይዝለታል፣ ፍየል ሾልካ ብትገባ እንኳ የአጋሙ እሾህ በቀላሉ አያስደርሳትም። ዘሩን እዚያ የጣለውም ፍሬውን በልቶ ቁጥቋጦው ላይ ያረፈ ወፍ ነው።

ወፉ ከየት ያመጣዋል? ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የሣርና የአረም ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል። የወይራና የዝግባ ዘር ግን እንደዚያ አይጠብቅም። በአቅራቢያው እናት ዛፍ ከሌለ ተራራው ለዓመታት ተከልሎም ቁጥቋጦ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በሰሜኑ ደጋ ደግሞ በብዙ ቦታ እናት ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ የደብር ደን በእርሻና በግጦሽ ሲሸራረፍ ጉዳቱ የደብሩ ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው ያለው ተራራ ሁሉ ዘር ያጣል። ችግኝ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ እሱም አገር በቀሉ፣ ቁጥቋጦው ሳይመነጠር።

ጉቶ ያለበት ቦታ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ወላይታ ሁምቦ ውስጥ 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ እንደገና ደን የለበሰው በአብዛኛው ከቆየ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ገበሬዎች እየመረጡና እየገረዙ ስላሳደጉት ነው።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሄለንስ የተባለው እሳተ ገሞራ በ1980 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ዙሪያውን አመድ ሲያደርገው፣ ባዶው አመድ ላይ ቀድመው ከበቀሉት አንዱ የእኛ የግብጦ ዘመድ ነበር። እንደ ግብጦ ሁሉ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ስለሚያበለጽግ ለሌሎቹ መንገድ ከፈተላቸው።

መከለል በነፃ አይገኝም፣ ይህን አውቃለሁ። ገበሬው ከብቱን የት ያድርሰው? ሣሩን አጭዶ መውሰድ የሚፈቀድለት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት ገበሬ ተራራውን ራሱ ይጠብቀዋል። ምንም የማያገኝበት ከሆነ ግን ሌሊት ከብቱን ቢያስገባ አልፈርድበትም።

እናም በዚህ ክረምት ሪፖርተራችሁን ከቆዩት የተከለሉ ተራሮች ወደ አንዱ ላኩልን። የአካባቢውን ሽማግሌዎች የትኛው ተክል በስንተኛው ዓመት እንደመጣ፣ ምንጩ መመለስ አለመመለሱን፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ይጠይቅልን። በ2011 ከተተከለው ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለው ስንቱ እንደሆነም አብራችሁ ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ