ከሶምሶማ ጀምሪ

ለንደን፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማማ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን አላችሁ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ስንጨዋወት ሐኪሙ «ስኳርሽ ወደ ድንበሩ ተጠግቷል፤ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ» እንዳለሽ ነግረሽኝ፣ እኔም ለምን መሮጥ እንደማትጀምሪ ብጠይቅሽ፣ «እኔ ሯጭ ነኝ እንዴ? ደግሞ በ46 ዓመቴ!» ብለሽ ወደ ሌላ ጨዋታ አለፍሽ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለ፣ አንቺና ልጅሽ ቁጭ ብላችሁ ደጋግማችሁ እንድታነቡት ብዬ በደብዳቤ መጻፉን መረጥኩ።

ከ2 ዓመት በፊት የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሟ ለእኔም ያለችኝ ይህንኑ ነበር። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ ቀኑን ተኝቼ ስለምውል፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤቴ ካለችው መንገድ በቀር በእግሬ የምሄደው አልነበረም። በዚያ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ካወቁ ጀምሮ «እናንተማ ስትወለዱም ሯጮች ናችሁ» ይሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት ታዲያ ከሥራ ስመለስ የጫማዬን ክር አጥብቄ፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ እየመሰለኝ፣ እንደ ውድድር ተፈተለክሁ። 2 ደቂቃ ሳይሞላ ጎኔን ወጋኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ የአንድ ቤት የብረት አጥር ይዤ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ቆምኩ። ሩጫ ለእኔ እንዳልተፈጠረ ደምድሜ ለ4 ወር ያህል ዳግመኛ አልሞከርኩም።

ስህተቴ ከፍጥነቱ እንጂ ከሰውነቴ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኛ ቤት ሩጫ ማለት በቴሌቪዥን የምናየው ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ሲገባ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ስንጮህ ትዝ ይልሻል። በልባችን የቀረው ያ የመጨረሻው ዙር ነው። ከዚያ ዙር በስተኋላ ያለውን የዓመታት ልፋት፣ አትሌቶቻችን በእንጦጦና በሱሉልታ ጫካ በዛፎቹ መካከል አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ለእነርሱ ቀላል በሆነ እርምጃ የሚያሳልፏቸውን ጠዋቶች ማን አሳየን? እነርሱ እንኳ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ሳይጣደፉ የሚሮጡ ከሆነ፣ እኔና አንቺ በመጀመሪያው ቀን የምንጣደፍበት ምክንያት የለም።

የዚህ አገር የጤና አገልግሎት ለጀማሪዎች በስልክ በነጻ የሚሰጠው የ9 ሳምንት መርሐ ግብር አለ፤ እኔን ያስጀመረኝ እርሱ ነው። በሳምንት 3 ቀን ብቻ ነው፤ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይታረፋል። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ትራመጂና ከዚያ 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ እያልሽ 20 ደቂቃ እስኪሞላ ትደጋግሚያለሽ። የሩጫው ደቂቃ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ የእርምጃው እየቀነሰ ይሄዳል። እጅግ የፈራሁት 5ኛው ሳምንት ነበር፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ቀን 8 ደቂቃ ሮጠሽ፣ 5 ደቂቃ ተራምደሽ፣ እንደገና 8 ደቂቃ ስትሮጪ ትቆዪና በሦስተኛው ቀን አንድም ጊዜ ሳትራመጂ 20 ደቂቃ እንድትሮጪ ይጠይቅሻል። በዚያ ቀን ከቤቴ ስወጣ እንደማልችለው እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሲያልቅ ግን መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። በ9ኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ትደርሻለሽ። አንዱ ሳምንት ከከበደሽ ደግመሽ ሥሪው፤ እኔ 4ኛውን ሳምንት 2 ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ፍጥነትሽ ልክ መሆኑን የምታውቂው በትንፋሽሽ ነው። እየሮጡ ከጎን ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር መቻል አለብሽ ይባላል፤ እኔ ግን ብቻዬን ስለምሮጥ «አባታችን ሆይ»ን ድምፄን አውጥቼ እደግማለሁ። «በሰማያት የምትኖር» ሳልል ትንፋሼ ከተቆረጠ ፈጥኛለሁ ማለት ነው፤ ወዲያው ቀስ እላለሁ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊቀድምሽ እስኪደርስ ድረስ ቀስ ብትዪ እንኳ ሶምሶማ እስከሆነ ድረስ ሩጫ ነው። የልብና የሳንባ ለውጥ የሚመጣው በዚህ ዓይነቱ ሩጫ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ የደረሰው ነገሩ ሲቀለኝ ነው። መርሐ ግብሩን ጨርሼ አንድ ወር እንደሞላኝ ደስታው ቢያሸንፈኝ በሳምንት 3 ቀን የነበረውን 6 ቀን አደረግሁት፤ ዕረፍት እንደ ስንፍና ታየኝ። በሁለተኛው ሳምንት የግራ ቅልጥሜ ከውስጥ በኩል፣ አጥንቱን ተከትሎ፣ በጣት ሲነካ እንኳ የሚያሳምም ሆነ፤ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፣ 3 ሳምንትም አረፍኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲጠነክሩ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ትንፋሽሽ «ጨምሪ» ሲልሽ እግርሽ ገና ሊሆን ይችላል። የጡንቻ መዛል የተለመደ ነው፤ በ2 ቀን ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ የሚቆረጥም፣ ስትሮጪ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከተሰማሽ ግን ተዪው፣ ዕረፊ። ደረትሽን ቢጨንቅሽ ወይም ቢያዞርሽማ ያን ጊዜውኑ አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከመጀመርሽም በፊት የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ይዘሽ ሐኪሙን አማክሪው፤ ይህን አደራ እልሻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ አንቺ አካባቢ። ባለፈው ጥር ለጥምቀት መጥቼ ሳለ አንድ ጠዋት ከቤት ጠፍቼ ያስፈለግኋችሁ መስቀል አደባባይ ሄጄ ነበር። እዚህ ለንደን ያለ ችግር 5 ኪሎ ሜትር የምሮጠው እኔ እዚያ ገና በ3ኛው ደቂቃ ትንፋሽ አጠረኝ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናትና። አንቺ አየሩን ለምደሽዋል፤ ቢሆንም እዚያ የሚጀምር ሰው ከእኔም ይበልጥ መታገሥ አለበት። ያን ጠዋት ያየሁትን አልረሳውም፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ የአንቺ እኩያ የሆኑ ሴቶች በደረጃዎቹ ሲወጡና ሲወርዱ፣ አንዷ ቆማ ስትተነፍስ ሌላዋ ክንዷን ይዛ ስትጠብቃት። አንቺን በመካከላቸው አየሁሽ።

ጎህ ሳይቀድ አትውጪ፤ ውሻውም አለ፣ መንገዱም አይታይም። ለከፋውን እንደምትፈሪ አውቃለሁና ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፤ እርሷም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከምታቀረቅር ይጠቅማታል። ሰፊ ቱታና ላብ የሚመጥ ካልሲ ይበቃሻል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ በጾም ቀን ባዶ ሆድሽን ሮጠሽ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ ከመዋል፣ ከበላሽ ከ2 ሰዓት ያህል በኋላ ወደ ማታ ብታደርጊው ይሻላል፤ ካልተመቸሽ ፈጠን ያለ እርምጃም ቢሆን አይናቅም።

እዚህ በየቅዳሜው ጠዋት በመናፈሻዎች የሚካሄድ፣ ክፍያ የሌለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ ፓርክራን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 በዚሁ ለንደን ቡሺ ፓርክ በ13 ሯጮች ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። እኔ የምሄደው ፊንስበሪ ፓርክ ነው፤ መናፈሻውን 2 ጊዜ መዞር ነው፣ ዳገትም አለው። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩለት ነገር ከሁሉም በኋላ እንዲመጣ የሚመደብ በጎ ፈቃደኛ መኖሩ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው መጨረሻ ሆኖ አይገባም። ዛሬ ጠዋት 38 ደቂቃ ፈጀብኝ። ዳገቱ ላይ በግምት 70 ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት አጠገቤ ነበሩ፤ እየተራመዱም፣ እየሮጡም አብረን ገባን። የደም ግፊቴም ባለፈው ወር ሲለካ በልኩ ነበር።

የእናንተም አገር የራሱ አለው። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኅዳር ሲካሄድ ታውቂዋለሽ፤ ለዘንድሮው አልደረስሽም፣ 10 ኪሎ ሜትሩም ለጀማሪ ይበዛል። ነገር ግን በመጋቢት ገደማ ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ከኅዳር ብትጀምሪ 9 ሳምንቱ ጥር ላይ ያልቃል፤ ብትደጋግሚው እንኳ ጊዜ ይተርፍሻል። ፈቃዱን ካገኘሁ ለዚያ ጊዜ መጥቼ ከጎንሽ ልሮጥ አስቤያለሁ።

ጫማውን እኔ እልክልሻለሁ። የመጀመሪያ ጫማዬን በርካሽ፣ በልኬ ገዝቼ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ወድቋል፤ የሩጫ ጫማ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ሊተርፈው ይገባል። ስለዚህ ነገ ማታ፣ እግር ቀኑን ሲውልበት ስለሚያብጥ ማታ መሆኑን አደራ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ቆመሽ ልጅሽ ሁለቱንም እግርሽን በእርሳስ ትዙርልሽ፤ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። አንድ ጎረቤቴ በኅዳር አጋማሽ ወደ አገር ቤት ስለሚሄድ በእርሱ እጅ ይደርስሻል። የልጅሽንም እግር አብራችሁ አስምሩ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ