አንገቱ የተሰፋ ውሻ ሲንዘፈዘፍ «አበደ» እንዳይባል
ግልጽ ደብዳቤ ለግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በሰበታ ዳርቻ በግሌ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምጽፍላችሁ አንገት ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢያቸው በኦፕራሲዮን ስለወጣላቸው ውሾች ነው። ብዙ አይደሉም፤ ግን መትረፍ ሲችሉ ይሞታሉ።

ዕጢው ከአንድ ወገን ብቻ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለም። ከግራና ከቀኝ ሲወጣ ግን የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት አራቱ ጥቃቅን ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አብረው ሊወጡ ወይም ሊጎዱ ይችላሉ። በማግስቱ ውሻው ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይወስደዋል። ካልሲየሙ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት፣ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ፊቱን በመዳፉ ያሻል፣ ያለከልካል፣ ይቁነጠነጣል። ቀጥሎ ጡንቻው ይንዘፈዘፋል፣ እግሩ ይገተራል፤ ሲብስበት ወድቆ አረፋ ይደፍቃል። እኛ ሰፈር ይህን ያየ ሁሉ «አበደ!» ነው የሚለው። የእብድ ውሻ በሽታ ስንቱን ቤት ስላስለቀሰ አልፈርድባቸውም፤ ጥንቃቄውም መቅረት የለበትም። ነገር ግን የአንገቱ ስፌት ገና ያልተፈታ ጀርመን ሼፐርድ እኔ ከመድረሴ በፊት በድንጋይ ተገድሎ አግኝቻለሁ። ደሙን ለክቼ ምክንያቱን ማረጋገጥ እንኳ አልቻልኩም። ባለቤቱ ከቀዶ ሕክምናው ይዞ የመጣው አንቲባዮቲክና የቁስል ማጽጃ ነበር፤ ስለ ካልሲየም የነገረው ሰው የለም።

ሕክምናው ይታወቃል። 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በኪሎ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ሊትር፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ተወስዶ፣ ልብ እየተደመጠ በደም ሥር ይሰጣል፤ ምቱ ከዘገመ ወዲያው ይቆማል። በእኛ አካባቢ በቀላሉ የሚገኘው ግን ለወለደች ላም የሚሰጠው ትልቁ የካልሲየም ጠርሙስ ነው። እሱን ሳይመጥኑ ለውሻ በችኮላ መስጠት ልብ ያቆማል፤ ከቆዳ ሥር ቢወጉትም ቆዳውን ሊያበሰብሰው ይችላል። መንዘፍዘፉ ከቆመ በኋላ የሚዋጥ ካልሲየምና ካልሲትሪዮል (ሰውነት ካልሲየምን ከምግብ እንዲወስድ የሚረዳ የቫይታሚን ዲ ዓይነት) ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። ካልሲየሙ ከልክ ካለፈ ኩላሊት ስለሚጎዳ መጠኑ የሚቀነሰው ደሙ እየተለካ ነው። ካልሲትሪዮል ፍለጋ የሰው መድኃኒት ቤት የላክሁት ማዘዣ አንዱ ጋ ተቀባይነት ሲያገኝ ሌላው ጋ «የእንስሳ ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ አጭር መመሪያ እንድታወጡ እለምናለሁ። ከሁለቱም ወገን ዕጢው የወጣለት ውሻ ቢያንስ እስከ 5ኛው ቀን ካልሲየሙ በየቀኑ ይለካ። ባለቤቱ ምልክቶቹና የሚደወልበት ስልክ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈበት ወረቀት ሳይይዝ አይሸኝ። የእንስሳት ሐኪም ማዘዣ በሰው መድኃኒት ቤት የሚስተናገድበትም መንገድ ከሚመለከተው አካል ጋር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ይወሰን። ረቂቁ ሲዘጋጅ በከተማዋ ዳርቻ የምንሠራውን ሐኪሞች ጥሩን፤ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ሰበታ